ኦንላይን ሞልተው ይምጡ

የመሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «አገልግሎቱ የሚሰጠው በኦንላይን ብቻ ስለሆነ ኦንላይን ሞልተው ይምጡ» ይላል፤ ማኅተም አርፎበታል። ከአጥሩ ውጭ፣ ድሮ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጃንጥላ ዘርግተው ይቀመጡበት በነበረው ቦታ፣ ዛሬ ላፕቶፕ የያዙ ወጣቶች ተደርድረዋል። ካርቶን ላይ «ኦንላይን ፎርም እንሞላለን» ብለው ጽፈው ሰቅለዋል። ባለጉዳይ ገንዘብ ከፍሎ ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ የትውልድ ዘመኑን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ አሁን ስልኩ ላይ የገባለትን የማረጋገጫ ቁጥር ሳይቀር ጮክ ብሎ እየተናገረ ያስሞላል። ከኋላው የቆመው ሁሉ ይሰማል።

በወጣቶቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። ላባቸውን ጠብ አድርገው ነው የሚበሉት፤ ብዙዎቹም ለአረጋዊ ወንበር ለቀው የሚነሱ ልጆች ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ሰልፉ ነው። እዚያ የሚቆመው ማንበብና መጻፍ ያልቻለ ሰው ብቻ አይደለም። ስማርት ስልክ በኪሱ የያዘ፣ ዲግሪ ያለው፣ ከቤቱ ሆኖ ሞክሮ ያቃተው ሰው አለ። ገጹ ነጭ ሆኖ የቀረበት አለ። ሁሉን ሞልቶ ጨርሶ «ላክ» የሚለውን ቢነካ ቢነካ ዝም ያለበት አለ። እጇ የሚንቀጠቀጥባት እናት አለች። ዓይነ ስውር አለ።

አገልግሎት ወደ ኦንላይን መሄዱን ከልቤ እደግፋለሁ። ለደጅ ጥናት፣ ለእጅ መንሻ፣ «ነገ ተመለስ» ለሚባለው ነገር ሁሉ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላየሁም። ከክፍለ ሀገር ተነሥቶ ለአንድ ፊርማ አዲስ አበባ አልጋ ይዞ የሚሰነብተውን ሰው ከእንግልት ያወጣዋል። ለዚህም ነው ድረ ገጾቹ የሚሠሩበት መንገድ የሚያሳስበኝ። መስኮት ሲዘጋ መግቢያው ድረ ገጹ ብቻ ይሆናል፤ እሱ ያላስገባው ሰው ደግሞ ወዴት ይሄዳል?

አንድ ወዳጄ የሕግ ባለሙያ ነው፤ ዓይነ ስውር ነው። ኮምፒውተር የሚጠቀመው ኤንቪዲኤ በተባለ ስክሪን ሪደር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ያነብለታል። ኤንቪዲኤን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ወጣት ነው፤ እንደ እሱ ዓይነ ስውር የሆነው ጄምስ ቴ ተቀላቀለው። በገበያ የነበሩት ተመሳሳይ ፕሮግራሞች ዋጋቸው የማይቀመስ ስለነበር የእነሱን በነጻ ለቀቁት፤ ዛሬም ነጻ ነው። በደንብ የተሠራ ገጽ ላይ ወዳጄ ሲሠራ ማየት ያስደንቃል። የድምፁን ፍጥነት እኔ ቃል መለየት እስኪያቅተኝ ይጨምረዋል፤ «ኤች» የሚለውን ቁልፍ እየነካ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል፣ በ«ኤፍ» ከአንዱ የፎርም ሳጥን ወደሌላው ይሻገራል፤ እኔ ገና ሁለተኛውን አንቀጽ ሳነብ እሱ የሚፈልገውን አግኝቶ ወጥቷል።

የአንድ መሥሪያ ቤት የምዝገባ ፎርም ሲሞላ ግን አጠገቡ ተቀምጬ ያየሁት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ሲደርስ ድምፁ «ኤዲት፣ ብላንክ» አለ። ቀጣዩም «ኤዲት፣ ብላንክ»። ሦስተኛውም እንዲሁ። ለሚያይ ሰው ከሳጥኖቹ በላይ «ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም» የሚል በግራጫ ተጽፏል። ጽሑፉና ሳጥኑ ግን በኮዱ ውስጥ አይተዋወቁም፤ ሠሪው አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጣቸው እንጂ «ይህ ስም የዚህ ሳጥን ነው» ብሎ አላያያዛቸውም። ማያያዣው «ሌብል» የሚባል አንድ መስመር ነው። ወዳጄ በግምት ሞላ። የትውልድ ቀን ላይ ሲደርስ ካላንደር ብቅ አለ፤ በማውስ ካልሆነ የማይታዘዝ፣ ቀኑን በኪቦርድ መጻፍም የማይፈቅድ። ዓይን ያለውም ቢሆን የስልሳዎቹ ልጅ ከሆነ ከዘንድሮ ተነሥቶ ወር በወር ወደኋላ እየነካ መሄድ ነው። መጨረሻ ላይ የተጠማዘዙ ፊደላት ያሉበት ሥዕል መጥቶ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል ትእዛዝ ወጣ። ሥዕሉን ድምፁ ለወዳጄ ያነበበለት «ግራፊክ» ብሎ ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ላፕቶፑን ዘግቶ ሰፈሩ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሄድን። ልጁ ትሑት ነው። «ጋሼ፣ ፓስወርዱ ምን ይሁንልዎት?» አለ። አጠገባችን ሰዎች ነበሩ። ወዳጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረው። ዕድሜውን ሙሉ የደንበኞቹን ምስጢር ሲጠብቅ የኖረ ጠበቃ የራሱን ቁልፍ ለማያውቀው ልጅ አስረከበ፤ አማራጭ ስላልነበረው።

ይህ ሁሉ የደረሰው ቴክኖሎጂ ጎድሎ አይደለም። የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋው ኤችቲኤምኤል ይህን ሁሉ አብሮ ይዞ የመጣ ነው። አንድ ሠሪ ቁልፍ ሲፈልግ «በተን» ብሎ ቢጽፍ ያ ቁልፍ በማውስ ይሠራል፣ በታብ ይደረስበታል፣ በኢንተርም በስፔስም ይታዘዛል፣ ለስክሪን ሪደሩም ቁልፍ መሆኑንና ስሙን ይናገራል። ሠሪው ለዚህ ሁሉ አንድ ተጨማሪ መስመር አይጽፍም። ያው ሠሪ «ዲቭ» የሚባለውን ባዶ ሳጥን አምጥቶ ቀለም ቀብቶ ቁልፍ ቢያስመስለው፣ ለዓይን ቁልፍ ይሆናል፤ ለኪቦርዱና ለስክሪን ሪደሩ ግን ምንም ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ ሁለተኛው መንገድ ሥራው የሚበዛ መሆኑ ነው። ተለፍቶ ነው ሰው ውጭ የሚቀረው።

ባለሙያዎቹ «ፕሮግረሲቭ ኢንሃንስመንት» የሚሉት አሠራር አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 2003 ስቲቨን ሻምፒዮንና ኒክ ፊንክ የተባሉ አሜሪካውያን ቴክሳስ ውስጥ ኦስቲን ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ በዚህ ስም አቀረቡት። ሐሳቡ ከታች ወደ ላይ መሥራት ነው። መጀመሪያ ጽሑፉና ፎርሙ በተራ ኤችቲኤምኤል ይቀመጣል፤ ማንኛውም ስልክ ያነበዋል፣ «ላክ» ሲባልም ያለማንም አጋዥ ይሄዳል። በዚያ ላይ ቀለሙና አቀማመጡ ይመጣል። በዚያ ላይ ደግሞ ጃቫስክሪፕት በተባለው ቋንቋ የሚጻፈው ፕሮግራም፤ የስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ሲጎድለው ወዲያው የሚናገር፣ ክፍለ ከተማ ሲመረጥ ወረዳዎቹን የሚዘረዝር። የላይኛው ቢበላሽ የታችኛው ሥራውን አያቋርጥም፤ ባለጉዳዩ ትንሽ ምቾት ቢያጣ እንጂ ጉዳዩን አያጣም።

ዛሬ ብዙው ሥራ ተገልብጦ ነው የሚሠራው። ስልካችን ገጹን ሲጠይቅ ከሰርቨሩ የሚመጣው ባዶ ገጽ ነው። ከኋላው የጃቫስክሪፕት ጭነት ይከተላል፤ ጭነቱ ሙሉ በሙሉ ደርሶ፣ ስልኩ አብላልቶት ሲጨርስ ነው ጽሑፉም ፎርሙም የሚፈጠረው። በዓለም ላይ የአንድ መደበኛ ድረ ገጽ የፊት ገጽ ክብደት ከሁለት ሜጋባይት አልፏል። ይህን ጭነት ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ኔትወርክ መጣ ሄደ እያለ፣ በቀን ፓኬጅ ለሚያወርድ ሰው አስቡት። መንገድ ላይ አንዱ ፋይል ከቀረ ገጹ ነጭ ይሆናል። ምክንያቱን የሚነግረው የለም፤ ወይ ስልኬ ነው፣ ወይ እኔ ነኝ ያልቻልኩት ብሎ ይተወዋል። ዳታ ለመቆጠብ ኦፔራ ሚኒ የሚጠቀመውም አለ፤ ይህ ብራውዘር ዳታ በሚቆጥብበት ጊዜ ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ አብስሎ ስለሚልክ ጃቫስክሪፕቱን ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚያስኬደው። ያለ ጃቫስክሪፕት የማይቆም ፎርም ለእሱ አልተሠራም።

«ጃቫስክሪፕት የማይሠራለት ስንት ሰው አለ?» የሚል ፕሮግራመር ብዙ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ክፍል ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2013 በራሱ ድረ ገጽ ላይ ለክቶ ነበር። ከጎብኝዎቹ 1.1 በመቶው ጃቫስክሪፕቱ አልሠራላቸውም። ሆን ብለው ያጠፉት ወይም ብራውዘራቸው የማይችለው 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት 0.9 በመቶ ብራውዘራቸው ይችላል፣ አላጠፉትም፤ ግን በሆነ ምክንያት አልሠራላቸውም። እንግሊዝ አገር ነው ይህ። መቶኛው ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ ሚሊዮን ባለጉዳይ ሲሰላ ግን 11 ሺህ ሰው ነው። የእኛን ኔትወርክ ይዞ ይህን የለካልን መሥሪያ ቤት ቢኖር ውጤቱን ለማንበብ እጓጓለሁ።

ደግሞ ከታች መጀመር እኛ የማናውቀው ነገር አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር አፕ ብቻ ይዞ አልወጣም፤ *127# ብሎ በተራ የቁልፍ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ብር መላክ ይቻላል። ባንኮቻችንም እንዲሁ በኮከብና በመሰላል የሚገባባቸው ቁጥሮች አሏቸው። ስማርት ስልክ ያለው በአፑ ይደሰታል፤ የሌለው ከአገልግሎቱ አልወጣም። ገጠር ያለ ገበሬ የላኩለትን ብር የሚቀበለው አንድ ሰው ከታች መጀመር እንዳለበት ስላሰበ ነው። እርግጥ እሱም ጎደሎ አለው። ዓይነ ስውር ደንበኛ ዝርዝሩን ቶክባክ በተባለው የስልክ ስክሪን ሪደር እያስነበበ አማራጮቹ ተነበው ሳያልቁ ሰዓቱ ይሞላና ይዘጋበታል፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ጊዜውን ማራዘም ለሚሠራው ሰው ትንሽ ነገር ነው፤ ለሚጠብቀው ሰው ግን በራሱ ገንዘብ ላይ የማዘዝና ያለማዘዝ ጉዳይ ነው።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ስንመጣ ሸክሙ ይከብዳል። ብዙ የአማርኛ ድረ ገጽ የሚሠራው ከውጭ በመጣ ዝግጁ ቅርጽ ላይ ነው፤ የዚያ ቅርጽ የመጀመሪያ መስመር የገጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንደሆነ ያውጃል። ጽሑፉ ወደ አማርኛ ይለወጣል፣ አዋጁ እንዳለ ይቀራል። ስክሪን ሪደሩ አዋጁን አምኖ የእንግሊዝኛውን ድምፅ ያነሣል፤ የግዕዙን ፊደል ወይ ይዘለዋል ወይ ይንተባተብበታል። ኢስፒክ ኤንጂ በተባለው ነጻ የድምፅ ሞተር ውስጥ አማርኛ አለ። ድምፁ ደረቅ ነው፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ ግን ያነባል። የሚያነበው ቋንቋው አማርኛ ነው ተብሎ ሲነገረው ነው። ሁለት ፊደል መለወጥ በቂ ነበር። ከዚህ የባሰው ማስታወቂያዎቻችን ናቸው። መሥሪያ ቤት ለሕዝብ የሚናገረው ነገር ሲኖረው ደብዳቤውን አትሞ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ይለጥፈዋል። ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያም እንደዚሁ ነው። ለወዳጄ ያ ሁሉ አንቀጽ «ግራፊክ» ነው። «ሴቶችና አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» የምትለዋ የመጨረሻ መስመር ጭምር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ገብቷል፤ ጽሑፉ ኮምፒውተር ላይ የተተየበ ነው፤ ከፎቶው ሥር ያንኑ ጽሑፍ መለጠፍ ደቂቃ አይፈጅም። ፎቶው ዳታ የሚበላበት ሰውም፣ ጽሑፉን አጉልቶ ማንበብ የሚያቅተው አረጋዊም አብሮ ይገላገል ነበር።

ነገሩ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች። አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስሙ ጠርቶ ያነሣዋል፤ ቴክኖሎጂው ከንድፉ ጀምሮ ለሁሉም እንዲሆን ቢደረግ ወጪው እንደሚያንስም ያሳስባል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ከአዋጁ በኋላ ምን እንደታነጸ በየመንገዱ እናየዋለን፤ ተሽከርካሪ ወንበር ሊወጣው የማይችል ቀጥ ያለ ዳገት፣ ወጥቶ ሲያበቃም ደረጃ የሚጠብቀው። ለቁጥጥር ታስቦ የተሠራ እንጂ የሚወጣበት ሰው ተጠርቶ አልሞከረውም። በድረ ገጽም ይኸው እየመጣ ነው። የተበላሸውን ገጽ ሳይነኩ ጥግ ላይ የዊልቸር ምልክት ያለባት ቁልፍ ለጥፎ «ተደራሽ ሆነናል» ማለት በዓለም ዙሪያ ተለምዷል። ይህን ከሚሸጡት አንዱ የሆነው አክሰሲቢ የተባለ ኩባንያ መሣሪያው ማንኛውንም ድረ ገጽ ደረጃውን የጠበቀ ያደርጋል እያለ ሲያስተዋውቅ ቆይቶ፣ የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2025 ይህ አሳሳች ነው ብሎ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ያችን ቁልፍ ከመግዛታቸው በፊት ይህን ቢያውቁ ምኞቴ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሕግ ፊት ከቀረቡት ቀደምት ክሶች አንዱ እኛንም በአንድ በኩል ይነካናል። ብሩስ መጓየር የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር የሲድኒ ኦሊምፒክ አዘጋጅ ኮሚቴን ከሰሰ፤ የኦሊምፒኩ ድረ ገጽ ሥዕሎቹ መግለጫ የላቸውም፣ ከመርሐ ግብሩ ወደ ስፖርቶቹ ዝርዝር መሻገር አልቻልኩም፣ የውጤት ሠንጠረዦቹንም ማንበብ አልችልም ብሎ። ኮሚቴው ማስተካከሉ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ይፈጅብኛል ሲል ተከራከረ። የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ክርክሩን አልተቀበለውም፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2000 ጨዋታው እስከሚከፈትበት እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ እንዲያስተካክል አዘዘ። ኮሚቴው አልፈጸመም፤ በኋላ 20 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጣ። በዚያው ኦሊምፒክ ነው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመው። እኛ በቴሌቪዥን እያየን በጩኸት ቤቱን ስንሞላ፣ ያችን 9 መቶኛ ሰከንድ በውጤት ሠንጠረዡ ላይ ራሱ ሊያነብ የፈለገ ዓይነ ስውር የሚነገረው ቁጥር የማን እንደሆነ አይለይም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ እየጠበቀ ሄዷል። የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ ብዙ ጊዜ ታድሷል፤ በጽሑፉና በመደቡ ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 ልዩነት ይኑር እስከማለት ድረስ ዝርዝር ነው። ቀትር ላይ ስልኩን በእጁ ከልሎ ግራጫ ጽሑፍ ለማንበብ ዓይኑን ያጨነቆረ ሁሉ የዚህን ደንብ ጥቅም ያውቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ ደግሞ ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ በጣም ትንሽ ካልሆነ በቀር እዚያ ላሉ ደንበኞች በኦንላይን የሚሸጥ የእኛም ኩባንያ ከዚህ አያመልጥም። ሮም ወይም ስቶክሆልም ያለ ወገናችን ይህ ሕግ ይጠብቀዋል። በወረዳው ድረ ገጽ ላይ የሚመዘገበው ወንድሙስ?

ፕሮግራመሮቻችንን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ብዙዎቹ የተማሩት እንዲህ ነው፤ ኤችቲኤምኤልን በሳምንት አልፈው ሪአክት ወደተባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ የሚገቡ ናቸው፤ ሥራ የሚሰጣቸውም የሚጠይቃቸው ይህንኑ ነው። ነገሩ የሚወሰነው ከእነሱ ቀድሞ፣ ቢጋሩ ሲጻፍና በርክክቡ ቀን ነው። ርክክብ እንዴት እንደሚሆን እናውቃለን። አዳራሽ ውስጥ፣ በመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ፣ በአዲስ ላፕቶፕ፣ በፕሮጀክተር ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ያምራል፤ ይጨበጨባል፤ ክፍያው ይለቀቃል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማውሱን አስቀምጦ በታብ ብቻ ፎርሙን እስከ መጨረሻው የሄደ ሰው የለም። ከግቢው ወጥቶ ርካሽ ስልክ ላይ የከፈተው ሰው የለም። የሚንቀሳቀስ ምስል ሲታይ መስማት የተሳነው ሰው ምን ያነባል ብሎ የጠየቀ የለም።

ስለዚህ የጨረታ ሰነድ ለሚያዘጋጁት ሰዎች የምጠይቀው ጥቂት መስመር እንዲጨምሩ ነው። ፎርሙ ጃቫስክሪፕት ጠፍቶም ይላክ። ማውስ ሳይነካ ይሞላ። እያንዳንዱ ሳጥን ስሙን ይናገር፣ የአማርኛው ገጽ አማርኛ ነኝ ይበል። ቀን በቁልፍ መጻፍ ይቻል። ለሙከራው ከኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ጋር ተነጋግረው ተጠቃሚዎች ይጥሩ፤ ለሚያወጡት ጊዜና እውቀት እንደማንኛውም ባለሙያ ይከፈላቸው። ለሠሪው የሚቀረው የመጨረሻ ክፍያም እነሱ ፎርሙን ያለማንም እጅ ሞልተው ልከው፣ የምዝገባ ቁጥራቸው በየስልካቸው ሲደርስ ይለቀቅ።